የተበደለ ገዢ በአደባባይ ቢጮኽ ይገባዋልን?

ክርስቲያን በተበደለ ጊዜ ምን ያድርግ ተብለን ስንጠየቅ ብዙዎቻችን ካህናት የምንሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ይኸውም «ታገሥ» የሚል ነው። ቃሉ ከወንጌል የተገኘ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን ያለ ቦታው የተነገረ የትዕግሥት ምክር የተበደለውን አያጽናናም፤ በዳዩን ግን ይጋርደዋል። ሁለት ሰዎች በአንድ ነገር ተጣልተው ሳሉ ለአንዱ ብቻ ዝም በል ማለት ለሌላው መፍረድ አይደለምን?

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ከገበያ የተነሣ ነው። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ መኪና ቢገዛ፥ በገዛውም መኪና ላይ ነውር ቢያገኝበት፥ ሻጩም አልሰማ ቢለው፥ ነገሩን ወደ አደባባይ አውጥቶ፥ የሻጩን ስም ጠርቶ ለሕዝብ መናገር ይገባዋልን? ወይስ ይህ የባልንጀራን ስም ማጥፋት ነው?

ይህ የሥጋ ነገር ነው፥ ለመንፈሳዊ መጽሔት ምን ይሠራል የሚል ቢኖር፥ ስለ መሥዋዕት የደነገገው የሙሴ ሕግ ስለ ሚዛንና ስለ መስፈሪያም መደንገጉን፥ ሊቃውንቶቻችን በሚያነቡት በፍትሐ ነገሥትም ስለ መሸጥና ስለ መግዛት ራሱን የቻለ አንቀጽ መኖሩን ያስታውስ። አባቶቻችን ገበያን ከነፍስ ጉዳይ ለይተው አላዩትም።

ጥያቄው ከሩቅ የመጣ አይደለም። በከፋ ዞን በቢታ ወረዳ፥ በቢታ ገነትና በአካባቢዋ እንደዚህ ያለው ነገር ለምክር ወደ ካህናት ይቀርባል። የማንም ስምና ምልክት እንዳይገለጥ በአንድ ሰው ምሳሌ አድርገን እናቆመዋለን።

ሰውየው ገበሬ ነው፤ ቡና ይለቅማል፥ ቀፎ ይሰቅላል፥ በጫካው ዳር ኮረሪማ አለው። ከሁለት ወንድሞቹ ጋር የብዙ ዓመት የቡናና የማር ገንዘባቸውን አንድ ላይ አድርገው፥ የጎደለውንም ተበድረው አንዲት የጭነት መኪና ገዙ። መኪናይቱ ለእነርሱ ጌጥ አይደለችም። በለቀማ ወራት ቡናው ወደ ገበያ የሚወጣው በእርሷ ነው፤ ምጥ የጠናባት ሴት ወደ ሐኪም ቤት የምትደርሰው በእርሷ ነው፤ ዕዳቸውንም የሚከፍሉት እርሷ በምታገኘው የጭነት ዋጋ ነው። በሁለተኛው ወር ግን ቁልቁለት ላይ ፍሬኗ አልይዝ እያለ ያስቸግር ጀመር። ሻጩ ያለው በአዲስ አበባ ነው። ከቦንጋ የሚነሣ ሰው እንኳ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከቢታ ገነት ለሚነሣ ደግሞ መንገዱ ከዚያም ይረዝማል። ሰውየው መጀመሪያ በሄደ ጊዜ «የአነዳድህ ጥፋት ነው» አሉት። ሁለተኛ ሲሄድ «መለዋወጫው ገና አልገባም» አሉት። ሦስተኛ ሲሄድ «ኃላፊው የሉም፥ ሌላ ቀን ተመለስ» አሉት። በየምልልሱ የመሳፈሪያና የማደሪያ ወጪ አለ፤ የቆመችው መኪና ሳታገኝ የቀረችው ዋጋ አለ፤ የብድሩም ወለድ መኪና ቆመች ብሎ አይቆምም።

እንግዲህ ይህን ሰው ታገሥ እንበለውን? እስከ መቼ? ፍሬኑ እስኪበጠስ ድረስ?

በአገራችን ልማድ የተበደለ ሰው መጮኹ ነውር ሆኖ አልተቈጠረም። በቀድሞ ዘመን ፍርድ የተጓደለበት ሰው ወደ ንጉሥ ደጅ ወይም ንጉሥ ወደሚያልፍበት ጎዳና ሄዶ «አቤት፥ አቤት» እያለ ይጮኽ ነበር። አቤቱታ የሚለውን ቃል ራሱን ብንመረምረው ከ«አቤቱ» የወጣ ነው፤ ወደ እግዚአብሔር የምንጸልይበት ቃልና ወደ ዳኛ የምንጮኽበት ቃል ሥሩ አንድ ነው ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው መሥሪያ ቤት «የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም» ተብሎ መሰየሙ ከዚሁ መንፈስ የመጣ ይመስለናል፤ ምንም እንኳ እርሱ የሚመለከተው የመንግሥት አስተዳደርን በደል እንጂ የነጋዴን ባይሆን።

ነጋዴን በሚመለከት ደግሞ ሕጉ ባዶ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የተስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ ያደርገዋል፤ ገዢውም የተረከበውን ነገር ሳይዘገይ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ፥ ስለ ደረሰበትም ጉዳት ካሣ እንዲጠይቅ መብት ሰጥቶታል። በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድንም ከመብቶቹ አንድ አድርጎ ቈጥሮታል። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው የአገራችን ምሳሌ በሕግ አንቀጽ ውስጥ ገብቶ ሲገኝ ደስ ያሰኛል። ይህን ሥራ ይዞ የነበረው ባለሥልጣን በ2014 ዓ.ም. ቀርቶ ሥልጣኑ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተዛውሯል።

ሕግ ካለ በአደባባይ መጮኽ ለምን አስፈለገ? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን በገበያው መለወጥ ውስጥ ይገኛል። በከፋ ነገሥታት ዘመን ቦንጋ ሲራራ ነጋዴዎች ከሰሜን ድረስ የሚመጡባት ታላቅ ገበያ ነበረች። በዚያ ዓይነት ገበያ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ነውረኛ በቅሎ የሸጠ ሰው በሚመጣው ወቅት ወደዚያው ሜዳ መመለሱ አይቀርም፤ የገዛው ሰው፥ የገዛውም ሰው ጎረቤት በዚያ ይጠብቁታል። ገበያው ራሱ ያስታውሳል፤ ሻጩም መታወሱን ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል። ዛሬ ግን መኪናው ከባሕር ማዶ ይመጣል፥ አስመጪው በአዲስ አበባ ይቀመጣል፥ ገዢው በቢታ ገነት ይኖራል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በዝተዋል፤ የእነዚህን ባትሪ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ከሻጩ በቀር ጥቂት ነው። ስለዚህ ገበያው ማስታወስ አቅቶታል። በአደባባይ የሚነገር እውነተኛ አቤቱታ ያንን የጠፋውን የገበያ ትዝታ ይመልሳል። ፍርድ ቤት የሚፈርደው በሁለቱ ሰዎች መካከል ነው፤ አደባባይ ግን ገና ላልገዛው ለሦስተኛው ሰው ይነግራል። ጥያቄያችን እንግዲህ ሦስተኛው ሰው ባልንጀራችን ነው ወይስ አይደለም ወደሚል ይደርሳል።

የጌታችን ትምህርት በዚህ ነገር ሥርዓት አለው። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 18 እንደ ተጻፈ፥ የበደለህን ወንድም አስቀድመህ ለብቻህ ከእርሱ ጋር ሆነህ ትወቅሰዋለህ፤ ባይሰማህ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይዘህ ትሄዳለህ፤ እነርሱንም ባይሰማ ለጉባኤ ትናገራለህ። ይህ ቃል ስለ ወንድማማች መታረም እንጂ ስለ መኪና ሽያጭ የተነገረ አይደለም፤ ነገር ግን ሥርዓቱ ለማንኛውም ክርክር ይጠቅማል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው ሻጩን ሳያናግሩ በሕዝብ ፊት ማዋረድ የተከለከለ መሆኑን ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሁለተኛው ግን ጌታችን በመጀመሪያው ደረጃ ላይ አለማቆሙ ነው። ለብቻው ተነግሮት አልሰማም ያለ ሰው ነገሩ ተሸፍኖ እንዲቀርለት መብት የለውም። የእኛ ገበሬ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። የቀረው ነገር አቤቱታውን ቀን በተጻፈበት ደብዳቤ ማድረግና፥ መኪናይቱን በጋራዥ የመረመረውን መካኒክና አንድ ሁለት ሽማግሌ ይዞ መቅረብ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስተኛው ደረጃ ተከፍቶለታል።

ሐሜትን ከአቤቱታ የምንለይበት ምልክትም በዚሁ ይገኛል። ሐሜት የሚነገረው የታማው ሰው በሌለበት ነው፥ ባለቤት የለውም፥ «ሲሉ ሰማሁ» እያለ ይሄዳል፥ መልስ አይፈልግም። አቤቱታ ግን ስም አለው፥ ፊት አለው፥ የተከሰሰው ሰው ሊመልስበት በሚችል ስፍራ ይነገራል፥ በመጨረሻም የሚለምነው የታወቀ ነገር አለ፤ ፍሬኑ ይሠራልኝ፥ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ። የሚለምነው የታወቀ ነገር የሌለው ጩኸት የሻጩን መውደቅ ብቻ የሚመኝ ይሆናል፤ ይህም ቂም ነው።

በዚህ ነገር ከሐዋርያት ሥራ የቅዱስ ጳውሎስን ምሳሌ አጥብቀን ልንመለከት ይገባናል። በፊልጵስዩስ ከተማ እርሱና ሲላስ ያለ ፍርድ በሕዝብ ፊት ተገርፈው ወደ ወኅኒ ተጣሉ። በመንፈቀ ሌሊት እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ሳለ ይዘምሩ ነበር፤ ትዕግሥት ማለት ይህ ነው። በማግሥቱ ገዢዎቹ በስውር ሊያሰናብቷቸው መልእክተኛ በላኩ ጊዜ ግን ያ በሌሊት የዘመረው ሐዋርያ አልወጣም አለ፤ በአደባባይ የገረፉን ራሳቸው መጥተው ያውጡን ብሎ መለሰ። ትዕግሥትና መብትን መጠየቅ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ በአንድ ሌሊት አብረው አደሩ። ስለ ምን እንዲህ አደረገ? ለራሱ ክብር ይሆንን? እርሱስ ከዚያች ከተማ ወጥቶ ሊሄድ ነበር። በዚያ የሚቀሩት ግን አዲሶቹ ምእመናን፥ የልድያ ቤት ሰዎች ናቸው። መምህራቸው እንደ ወንበዴ ተገርፎ በስውር ቢወጣ ኀፍረቱ በእነርሱ ላይ በቀረ ነበር፤ ነገም በእነርሱ ላይ ይህንኑ ለማድረግ ገዢዎቹ በደፈሩ። ደግሞም ልብ እንበል፤ ጳውሎስ ገዢዎቹ ይቀጡልኝ አላለም፥ ገንዘብም አልጠየቀም፥ መጥተው በለመኑት ጊዜም ከተማውን ለቅቆ ሄደ። ቀጥተኛ አቤቱታ መጠኑ ይህን ያህል ነው።

ይሁን እንጂ አደባባይ ሁልጊዜ ቅን ዳኛ ነው አንልም። ሶስና በታላቅ ድምፅ ጮኻ ነበር፤ ሁለቱም ሽማግሌዎች በእርሷ ላይ ጮኹ፤ ጉባኤው ያመነው ሽማግሌዎቹን ነው። ሕዝብ የሚሰማው እውነተኛውን ሳይሆን የተከበረውን፥ ወይም አስቀድሞ የተናገረውን ሊሆን ይችላል። ዳንኤል ያዳናት ከጉባኤው አብልጦ በመጮኽ አይደለም፤ ሁለቱን ለያይቶ ለየብቻቸው ስለ ጠየቃቸው ነው። በናቡቴም ላይ የሐሰት ምስክር የቆመው በአደባባይ፥ ጾም ታውጆ፥ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ገዢ ስለ ሆነ ብቻ ሰው እውነተኛ አይሆንም። ጠቢቡ በምሳሌ መጽሐፉ ዕቃውን እያንኳሰሰ የሚገዛውን፥ ዘወር ሲል ግን በትርፉ የሚመካውን ሰው ያስታውሰናል። መኪናውን ከመጠን በላይ ጭኖ የሰበረ ሰው «ነውረኛ መኪና ሸጡልኝ» ብሎ ቢጮኽ በናቡቴ ላይ ከቆሙት ምስክሮች በምን ይለያል? የአገራችንም የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044 የሰውን መልካም ስም የሚያጠፋውን ኃላፊ ያደርገዋል፤ በአንቀጽ 2047 ደግሞ የተናገረው እውነት መሆኑን ያስረዳ ሰው የሚኖረውን መከላከያ ይደነግጋል። ስለዚህ የእኛ ገበሬ ሊናገር ቢነሣ የገዛበትን ቀን፥ የተሰጠውን ተስፋ፥ የታየውን ጉድለት፥ የሄደባቸውን ቀኖችና የተመለሰለትን መልስ ይናገር፤ ስለማያውቀው ስለ ሻጩ ልብ ግን ዝም ይበል። «ፍሬኑ አልያዘም» ማለት ምስክርነት ነው፤ «ሊገድሉኝ አስበው ሸጡልኝ» ማለት ግን በእግዚአብሔር ዙፋን ላይ መቀመጥ ነው። ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር፤ በመሸጫው ደጅ የሚቀመጠው ወጣት ሠራተኛ ዋጋውንም ውሉንም የወሰነው እርሱ አይደለም፤ ስድቡን ሁሉ የሚቀበለው ግን እርሱ ነው። ይህን እያየን ዝም ልንል አንችልም።

በሌላው ዓለም የሆነውን ብናይ የአደባባይ ሁለቱ ፊቶች ይታያሉ። በቻይና አገር በሲያን ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 አንዲት ሴት የገዛችው አዲስ የመርሴዲስ ቤንዝ መኪና ከመሸጫው ግቢ ሳይወጣ የሞተር ዘይት አፈሰሰ። ብዙ ተመላልሳ መፍትሔ ባጣች ጊዜ በመሸጫው ውስጥ በአንድ መኪና ግንባር ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ተናገረች፤ ንግግሯም በተንቀሳቃሽ ሥዕል አገሩን ሁሉ አዳረሰ። መኪናዋ ተለወጠላት፤ ባለሥልጣኖችም ነገሩን መርምረው በሻጩ ላይ የአንድ ሚሊዮን ዩዋን መቀጫ ጣሉበት። በ2021 ደግሞ በሻንጋይ የመኪና ትርኢት ላይ ሌላ ሴት ፍሬኑ አልሠራም ብላ በቴስላ መኪና ጣራ ላይ ወጥታ ጮኸች። እርሷ ግን ፀጥታ አውከሻል ተብላ አምስት ቀን ታሰረች፤ ኩባንያውም ስሜን አጠፋች ብሎ ከሷት ፍርድ ቤት ይቅርታ እንድትጠይቅና ካሣ እንድትከፍል ወሰነባት። ጩኸታቸው ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ጉድለቱን ማስረዳት በመቻልና ባለመቻል ላይ ነበር። አንዷ የፈሰሰውን ዘይት ማሳየት ችላለች፤ የሁለተኛይቱን የፍሬን ነገር ግን ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን በአሜሪካ የሆነው ነው። በ1965 ራልፍ ናደር የተባለ ወጣት የሕግ ሰው ስለ መኪኖች አደገኛነት አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ ከነቀፋቸው አንዱ ጄኔራል ሞተርስ የሚሠራው ኮርቬር የተባለው መኪና ነበር። ኩባንያው ለነቀፋው መልስ በመስጠት ፈንታ ሰላይ ቀጥሮ የሰውየውን ኑሮ ያስመረምር ጀመር። ነገሩ በታወቀ ጊዜ የኩባንያው ፕሬዚዳንት በ1966 በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ በዚያው ዓመት የመኪና ደኅንነት ሕግ ወጣ። በ1972 ግን ከዚያ ሕግ የተነሣ የተቋቋመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያንኑ መኪና ፈትኖ በዘመኑ ከነበሩት መሰሎቹ ይልቅ ለመገልበጥ የቀረበ እንዳልሆነ አስታወቀ። እንግዲህ ነቃፊው ስለ አንዱ መኪና የተናገረው ሁሉ ሳይጸና ስለ ገዢዎች ደኅንነት የጀመረው ነገር ጸና። በአደባባይ የሚናገር ሰው የሚናገረው ሊመረመር እንደሚችል አውቆ፥ ምርመራውንም ፈቅዶ ይናገር።

በአገራችን የሆነውንም አንዘለውም። ሆላንድ ካር የተባለው ኩባንያ መኪና እየገጣጠመ በወንዞቻችን ስም ዓባይ፥ አዋሽ፥ ተከዜ እያለ ይሸጥ ነበር፤ ብዙ ሰውም የአገር ልጅ ሥራ ነው ብሎ ደስ ብሎት ነበር። በ2005 ዓ.ም. ግን ኪሣራ ላይ ወደቀ፤ ገንዘባቸውን አስቀድመው ከፍለው መኪናቸውን ሳይረከቡ የቀሩ ደንበኞችም ነበሩ። ካዝናው ከደረቀ በኋላ የሚጮኽ ጩኸት፥ እውነተኛም ቢሆን፥ የሚያስመልሰው ጥቂት ነው። ቀደም ብሎ የሚጎዳውን የገለጠ ሰው ራሱንም ሌላውንም ሊረዳ ይችላል፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላልና። እንግዲያውስ ጊዜው ከመድረሱ በፊት መጮኽ የሚያስነውር እንደ ሆነ ሁሉ፥ ጊዜው ካለፈ በኋላ መጮኽም ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንድረስ። በአደባባይ የተጮኸበት ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ምንድን ነው? ለጮኸው ሰው ይፈጥናል። ያለው መለዋወጫ አንድ ብቻ ቢሆን ያንኑ ለጮኸው ይሰጣል፤ ዝም ብሎ ተራውን የሚጠብቀው ሰው አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ስለዚህ ጩኸት ፍትሕን ሳያበዛ ተራን ብቻ ሊለውጥ ይችላል። በአዲስ አበባ ጋዜጠኛ የሚያውቅ፥ ባለሥልጣን የሚያውቅ፥ ሲናገር ብዙ ሰው የሚሰማው ሰው በአንድ ቀን የሚያገኘውን የቢታ ገነት ገበሬ በአንድ ዓመት አያገኘውም። አፉን የፈታው በካፊኖኖ ቋንቋ ነው፤ አማርኛውን ሲያስተካክል ሳለ ጸሐፊው ወደ ሌላ ደንበኛ ይዞራል። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ነገር ግን መናገር ለሁሉ እኩል አልተሰጠም።

ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች አደባባይ የባለ አፍ መሣሪያ ስለ ሆነ ክርስቲያን ሊነካው አይገባም ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ድምፅ ያለው ሰው ዝም ቢል ድምፅ የሌለው አይሰማለትም፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ እንጂ። መፍትሔው ድምፅ ያለው ሰው ሲናገር «የእኔን ሥሩልኝ» ብሎ እንዳይጨርስ ነው። የንግሥት አውዶክስያን ቁጣ በራሱ ላይ ያመጣው ዮሐንስ አፈ ወርቅ የጮኸው ስለ ራሱ ርስት ሳይሆን ስለ መበለቲቱ የወይን ቦታ እንደ ሆነ ስንክሳራችን ይነግረናል። ያንኑ ዓይነት መኪና የገዙትን ሌሎች ሰዎች ፈልጎ አቤቱታውን የጋራ ማድረግ ይቻላል። የከፋ ገበሬዎች ቡናቸውን በኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ ሆነው መሸጥን ለምደዋል፤ አንድ ሆኖ የሸጠ ሰው አንድ ሆኖ አቤት ማለት አያቅተውም።

እንግዲህ ሰውየው እንደ ሥርዓቱ ተናገረ እንበል። ተሰማም እንበል። ከአዲስ አበባ ተደውሎ ና ተባለ፤ በሄደም ጊዜ እስከ ዛሬ ያልነበረው ወንበርና ቡና ቀረበለት። ፍሬኑ በአዲስ ይለወጥልሃል፥ ለቆመችበትም ጊዜ ትካሣለህ፤ ብቻ በዚህ ወረቀት ላይ ፈርም አሉት። ወረቀቱ ስለዚህ ነገር ከእንግዲህ ለማንም እንዳይናገር፥ እስከ አሁንም የተናገረው ሐሰት እንደ ነበረ እንዲያምን ይላል። ይፈርምን?

በዚህ ላይ ለያይተን መናገር አለብን። ሰው ለራሱ የደረሰበትን ጉዳት ይቅር ማለት ይችላል፤ ይገባዋልም። ክርክሩ አልቋል፥ ከእንግዲህ ስለ ራሴ ካሣ አልጠይቅም ብሎ መፈረም ነቀፋ የለበትም። የተቀበለውንም የገንዘብ መጠን ላለመናገር ቢስማማ ማንንም አይጎዳም። እውነት የተናገረውን ሐሰት ነበር ብሎ መፈረም ግን በራስ ላይ የሐሰት ምስክር መሆን ነው፤ ይህን ማንም ካህን ሊፈቅድለት አይችልም። የቀረው ዝም በል የሚለው ቃል ነው። ነገሩ ስለ ቀለም ወይም ስለ ወንበር ልባስ ቢሆን ዝም ቢል ግድ የለም እንላለን። ነገር ግን የፍሬን ነገር ነው። ያንኑ ዓይነት መኪና ነገ የሚገዛ ሰው አለ፤ በመኪናውም ላይ የሚሳፈሩ፥ በመንገዱም ዳር የሚሄዱ ሰዎች አሉ። የእነዚህን ደኅንነት ይህ ገበሬ ከየት አምጥቶ ይሸጣል? የራሱ ያልሆነውን ሊሸጥ አይችልም። አቤቱታው ምስክርነት የነበረው እስከዚህ ድረስ ነው፤ በካሣ ተለውጦ ዝም ካለ ግን ጩኸቱ ከመጀመሪያው የሚሸጥ ዕቃ ነበር ማለት ይሆናል።

ይህን መናገር ለእኛ ቀላል ነው፤ ዕዳው የእኛ አይደለምና። ሦስት ቤተሰብ የሚጠብቃት መኪና ቆማ ሳለ፥ አበዳሪው በር ሲመታ፥ አትፈርም ብሎ መምከር ብቻውን ጭካኔ ነው። ስለዚህ ምክራችን ሁለት ክፍል አለው። ሰውየው በመጀመሪያ ያ ዓረፍተ ነገር ከወረቀቱ ይውጣልኝ ብሎ ይለምን፤ ሻጩ የሚፈራው ክርክሩ እንዳያንሠራራ ከሆነ ይህን መፍቀድ አይከብደውም። እምቢ ቢል ወደ ሚኒስቴሩና ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ። ሁለተኛው ክፍል የእርሱ ሳይሆን የጎረቤቶቹ ነው። ለቀብር የሚሰበሰበው ዕድር፥ በየወሩ ጽዋ የሚጠጣው ማኅበር፥ ነገሩ እስኪያልቅ ድረስ የብድሩን ወለድ ቢሸከሙለት ያ ሰው ሕሊናውን ሳይሸጥ መቆየት ይችላል። ጽኑ የሚል ጉባኤ የጽናቱን ዋጋ ለአንድ ድኻ ብቻ መተው የለበትም።

ሻጩ ደግሞ ተጸጽቶ ፍሬኑን ቢለውጥ፥ የሌሎቹንም መኪኖች ጠርቶ ቢያሠራ፥ ያ ገበሬ ይህንንም በዚያው አደባባይ በዚያው ድምፅ መናገር አለበት። በደሉን አሥር ጊዜ የተናገረ አፍ እርማቱን አንድ ጊዜ እንኳ ካልተናገረ ምስክርነቱ ግማሽ ነው። በከተማው የሚኖሩ ሐቀኛ ነጋዴዎችም ብዙ እንደ ሆኑ እናውቃለን፤ ለእነርሱ ከእውነተኛ ገዢ ቃል የሚበልጥ ማስታወቂያ የላቸውም።

በመጨረሻ ከምእመናን የሚቀርብልን ሌላ ጥያቄ አለ፤ እንዲህ ያለው አቤቱታ ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ላይ ቢነገርስ የሚል ነው። አይገባም እንላለን። ዐውደ ምሕረት የትምህርት ስፍራ ነው፤ የተከሰሰው ሰው ቆሞ ሊመልስበት አይችልም፤ ዛሬ ለእውነተኛው ከተፈቀደ ነገ ለሐሰተኛው መከልከል ይቸግራል። ካህኑ ግን ከዚያ ወርዶ ብዙ ሊሠራ ይችላል። ደብዳቤውን ከሰውየው ጋር ተቀምጦ ሊጽፍ፥ ቀኑንና ነገሩን ሊያስተካክል፥ ከተጋነነውም ቃል ላይ እርሳሱን ሊያሳርፍ ይችላል። ከሁለቱ ወይም ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ ሆኖ እስከ አዲስ አበባ ድረስ አብሮ ሊሄድም ይችላል፤ የዚያን ጊዜ የካህኑ መሳፈሪያ ከተበደለው ሰው ኪስ አይውጣ።